የሞተር ቺንጋ ታሪክ፤ ለመሆኑ መቼ ይቀየራል?



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ አንዳንዶቻችሁ ስለ አገር ታሪክ፣ አንዳንዶቻችሁ ስለ ጤና፣ ሌሎቻችሁም ስለ ልጆች አስተዳደግ ጽፋችሁ አስተምራችሁናል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የጨረስሁት መሪ ጨብጬ ስለሆነ የማውቀው መኪናን ነው። ስለዚህ ዘንድሮ የጽሑፍ ኮሚቴው «አንተም እንደው አንድ ነገር ጻፍ» ባለኝ ጊዜ ከመኪና ወዲያ የምጽፈው አጣሁ። የመረጥሁት ርእስ የሞተር ጊዜ ጠባቂ ቺንጋ ነው፤ ይኸውም መካኒኮች «ታይሚንግ ቤልት» የሚሉት ነው።

«ምነው፣ የዕድር መጽሔት የጋራዥ ወረቀት ሆነ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ዳሩ ግን ነገሩን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ከዕድራችን ሥራ ጋር ምን ያህል እንደተያያዘ ይረዳልኛል ብዬ አምናለሁ። የእኛ ዕድር የመሐል ሜዳና የአካባቢው ሰዎች ዕድር ነው። ከመካከላችን አዲስ አበባ ላይ ያረፈ ሰው «ሬሳዬን ካገሬ አግቡልኝ» ብሎ የተናዘዘ እንደሆነ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን፣ የጣርማበርን ብርድ አልፈን፣ መዘዞንና ሞላሌን አቋርጠን ማድረስ አለብን። የቀብር ሰዓት ደግሞ እንደ ሰርግ ቀን በቀጠሮ የሚገፋ አይደለም። እንግዲህ ሬሳና ለቀስተኛ የጫነ መኪና መንገድ ላይ ቢቆም ችግሩ የባለመኪናው ብቻ ሳይሆን የሁላችን ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት በመጽሐፍ ሳይሆን በራሴ ጥፋት ነው፤ ከታች እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ታሪኩን ከሥሩ እንጀምር።

መኪና ወደ አገራችን ሲገባ

በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤንትሊ የተባለ አንድ እንግሊዛዊ ሲድሊ በምትባል አውቶሞቢል ከባሕሩ ጠረፍ ተነሥቶ፣ በረሃውንና ገደሉን ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ገባ፤ መኪናይቱም ለዐፄ ምኒልክ ቀረበች። የዚያን ጊዜው ሰው ፈረስ ሳይጎትተው የሚሄድ ጋሪ ሲያይ ምን ያህል እንደተደነቀ መገመት አያስቸግርም። ከዚያ በኋላ በመኳንንቱና በውጭ አገር መልክተኞች እጅ አንድ ሁለት እያለ መኪና ቢበዛም መንገዱ ከከተማው ብዙም አልራቀም ነበር። ለመንዝ ሰው ለብዙ ዘመን መጓጓዣው በቅሎና አህያ፣ ከዚያም ሲያልፍ የገዛ እግሩ ነበር።

በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጠላት ጦሩንና ስንቁን ለማመላለስ ሲል ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴና ወደ አሥመራ የሚወስደውን ጎዳና ሠራ። በጣርማበር ላይ ተራራውን በስቶ ያወጣውን ዋሻ በዚያ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን ርዝመቱም ወደ 600 ሜትር ገደማ ነው። ከዋሻው ወዲህ የደጋ ብርድ፣ ከዋሻው ወዲያ ወደ ደብረ ሲና የሚያወርደው ጠመዝማዛ ነው። በራስ አበበ አረጋይ ዙሪያ የተሰበሰቡት የሸዋ አርበኞች በዱር በገደሉ ሲዋጉ ከታች በጎዳናው የሚያጓራው የጠላት ካሚዮን ነበር። ከነዚያም ካሚዮኖች ስሙ እስከ ዛሬ በሽማግሌዎች አፍ የቀረው ፊያት 634 ነው፤ «ትሬንታ ኳትሮ» የሚባለው።

ጣሊያን ቢሄድም ቋንቋው በጋራዥ ውስጥ ቀርቷል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ሁሉ የዚያ ዘመን ትራፊ ናቸው። ዛሬ የምናወራለት «ቺንጋ»ም እንዲሁ የጣሊያን ቃል ሲሆን ትርጉሙ ጠፍር ወይም መቀነት ማለት ነው። ከነጻነት በኋላ በጥር ወር 1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ መንገድ መጠገንና ማስፋት የመንግሥት ሥራ ሆነ። ከዋናው ጎዳና ተገንጥሎ ወደ መንዝ የሚገባው መንገድ ግን ለረጅም ጊዜ የጠጠርና የጭቃ መንገድ ሆኖ ኖሯል።

ሞተር ጊዜ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?

ሞተር በውስጡ ምን እንደሚያደርግ ሳናውቅ ቺንጋውን ልናውቀው አንችልም። ኦቶ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1876 በሥራ ላይ ያዋለው ባለ አራት ምት ሞተር እስከ ዛሬ ከነጠባዩ አለ። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር ይስባል፤ ሲወጣ ያምቃል፤ ነዳጁ ሲቃጠል ተገፍቶ ይወርዳል፤ እንደገና ሲወጣ ጭሱን ያስወጣል። ለመሳቡ አንድ በር፣ ለማስወጣቱ አንድ በር ያስፈልጋል። በሮቹ ቫልቭ ይባላሉ። ፒስተኖቹን የያዘው ከታች ያለው ዘንግ ክራንክሻፍት ሲባል ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ደግሞ ካምሻፍት ይባላል። ታችኛው ሁለት ጊዜ ሲዞር ላይኛው አንድ ጊዜ ብቻ መዞር አለበት። ከዚህ ዝንፍ ካለ ሥራው ሁሉ ተበላሸ።

የማኅሌት ጊዜ ከበሮና ጸናጽል እንዴት እንደሚናበቡ አይታችኋል። ከበሮ መቺው ቢፈጥንና ጸናጽሉ ቢዘገይ ዜማው ይበላሻል። በሞተር ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 25 ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል። ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጥ ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚሆን አስቡት!

በጥንቶቹ መኪናዎች ሁለቱን ዘንጎች የሚያገናኛቸው የብረት ማርሽ ነበር። ታዋቂው የፎርድ ሞዴል ቲ እንደዚህ ነበር፤ ብዙዎቻችን «ቮልስ» የምንላት የጀርመኗ ቮልስዋገንም እንዲሁ። ትልልቆቹ የናፍጣ ካሚዮኖችም አብዛኛውን ጊዜ ማርሽ ነበራቸው፤ አሁንም አላቸው። ሌሎች ደግሞ ካቴና ተጠቀሙ፤ የጥንቱ ላንድሮቨር ባለ ካቴና ነበር። ማርሽና ካቴና በዘይት ውስጥ የሚኖሩ ብረቶች ስለሆኑ ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረላቸው ብዙ ዘመን ይኖራሉ። ሲያረጁም ዝም ብለው አይሞቱም፤ ይጮኻሉ፣ ይንኳኳሉ። የድሮ ሾፌሮች «ሞተሬ ነገረኝ» ይሉ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከስፌት መኪና የመጣ ጠፍር

ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ መጀመሪያ የተሠራው ለአውቶሞቢል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ለስፌት መኪና ተብሎ ነው የተፈለሰፈው። በመሐል ሜዳ ገበያ ዳር የሚቀመጡትን ልብስ ሰፊዎች አስታውሱ። ሲንጀሩን በእግራቸው ሲረግጡ ትልቁን መንኮራኩር ከላይኛው ጋር የሚያገናኘው ክብ የቆዳ ጠፍር ነው። ያ ጠፍር ትንሽ ቢንሸራተት ግድ የለም፤ መኪናው ይዘገያል እንጂ አይበላሽም። መርፌውና ከሥር ያለው ማጠንጠኛ ግን መንሸራተት አይፈቀድላቸውም፤ ከተላለፉ ክሩ ይበጠሳል፣ መርፌው ይሰበራል። ለዚህ ሲባል ነው ሁለቱን እንዲያናብብ ጥርስ ያለው፣ የማይንሸራተት ቺንጋ የተሠራው።

ይህን ነገር በብዛት ወደሚሸጥ አውቶሞቢል ያመጣው ደግሞ ትልቅ ፋብሪካ አልነበረም። ሐንስ ግላስ የሚባለው የጀርመን ቤት ቀድሞ የእርሻ መሣሪያ ይሠራ የነበረ ነው። ከዚያ ሞተርሳይክል፣ ከዚያም ጎጎሞቢል የምትባል ትንሽ መኪና ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1962 ግላስ 1004 የተባለችውን መኪና ለገበያ ሲያወጣ ካምሻፍቱን ከላይ አድርጎ በጎማ ቺንጋ አዞረው። ያን ጊዜ ብዙዎች ሳይስቁበት አልቀሩም፤ «ብረት የሚሠራውን ሥራ ጎማ ይችለዋል?» ብለው። ቤቱ ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ1966 ለቢ ኤም ደብሊው ተሸጠ፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም። በዚያው ዓመት አሜሪካኖች በፖንቲያክ፣ ጣሊያኖች በፊያት 124 ስፖርት ላይ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1969 ፊያት 128 ሲወጣ የጎማ ቺንጋ የሰፊው ሕዝብ መኪና ዕቃ ሆነ።

ፋብሪካዎቹ ለምን ወደዱት? መልሱ ቀላል ነው። ይቀላል፣ ይረክሳል፣ አይጮኽም፣ ዘይት አይፈልግም። ካምሻፍቱን ከሞተሩ አናት ላይ ማድረግ ሲፈለግ ርቀቱ ስለሚበዛ ማርሽ መደርደር ወጪ ነው፤ ቺንጋ ግን ረዘም አድርጎ ማዞር ብቻ ነው። የጎደለው ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነበር፤ ዕድሜ አለው። ፋብሪካው ያተረፈውን ባለመኪናው በየጊዜው እንዲከፍል ሆነ ማለት ነው።

ቺንጋው ከምን ይሠራል ያላችሁ እንደሆነ፣ የመንዝን ሰው ስለ ሽመና ማስተማር አይገባኝም። እናቶቻችን የበግ ጠጉር ፈትለው፣ አባቶቻችን ባናና ዝተት ሲሠሩ ያደግን ነን። የልብሱ ጉልበት ያለው በድሩ ላይ መሆኑን እናውቃለን። ቺንጋውም እንደዚያ ነው። በውስጡ በርዝመቱ የተዘረጋ ከመስተዋት የተፈተለ ክር አለ፤ ጉልበቱ እሱ ነው። ከላይ ጎማ ይለብሳል፤ ጥርሶቹ ደግሞ በናይሎን ጨርቅ ይሸፈናሉ። ጎማው በሙቀት ይደርቃል፤ ዘይት ከነካው ያብጣል፣ ይላላል። ክሩ ከተጣጠፈ ይሰበራል። ታዲያ ከውጭ ሲያዩት ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ ደህና የሚመስለው ቺንጋ ውስጡ ድሩ የተቆረጠ ዝተት ሊሆን ይችላል። አደጋው ይኸ ነው፤ እንደ ካቴና አይጮኽም፣ እንደ ማርሽ አያንኳኳም። ሲሠራ ቆይቶ በአንድ ቅጽበት ይበጠሳል።

ወደ እኛ ሲደርስ

በአዲስ አበባ መጀመሪያ የለመድናቸው ትንንሾቹ ፊያት 600፣ «ሴይቼንቶ» የምንላቸው ታክሲዎች፣ የጎማ ቺንጋ አልነበራቸውም። ቀጥሎ የመጣው ላዳም ቢሆን ከፊያት 124 የተወለደ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጀመር በካቴና ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በወጣው 2105 በሚባለው ሞዴል ላይ ግን ሩሲያኖቹ የጎማ ቺንጋ አስገቡ። ስለዚህ በአንድ ተራ ላይ ከቆሙት ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች አንዱ ባለ ካቴና፣ ሌላው ባለ ቺንጋ ሊሆን ይችላል። በመልክ ብቻ መፍረድ አይቻልም።

ለእኛ ለደገኞቹ ነገሩን ያመጣው ይልቁን ቶዮታ ነው። በሚኒባሶቹና በፒክአፖቹ የምናውቃቸው 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የሚባሉት የናፍጣ ሞተሮች ሁሉ ባለ ቺንጋ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ ሞተርም እንዲሁ። ጃፓኖቹ ቺንጋው ሳይናገር እንደሚበጠስ ስላወቁ አንድ ብልኃት ጨመሩ። በዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል ጽሑፍ ያለባት ትንሽ መብራት አደረጉ። በብዙዎቹ መኪናዎች ይህች መብራት በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ትበራለች፤ «ቺንጋዬን ቀይሩልኝ» ማለቷ ነው። ሆኖም መብራቷ ቺንጋውን አታየውም። የምትቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ቺንጋው ሳይነካ ቆጠራውን ወደ ዜሮ መመለስ ይቻላል፤ አምፖሏን መንቀልም ይቻላል። እኔን የጎዳኝ ይኸ ነው።

በ1990 ዓ.ም. የደረሰብኝ

በ1989 ዓ.ም. ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ገንዘብ አዋጥተን አዲስ አበባ ላይ አንድ ያገለገለ ሚኒባስ ገዛን። ቆጣሪው 87,000 ይላል። ወንበሩ ያማረ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ነበር። አንድ የማውቀው ሽማግሌ መካኒክ ዞሮ ካየው በኋላ «ልጄ፣ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ እንዲህ ያለቀ መኪና 87,000 ብቻ አልሄደም። ቺንጋውን ቀይረህ ነው ሥራ የምትጀምረው» አለኝ። እኔ ግን ብድር አለብኝ፣ ችኩል ነኝ። «ጋሼ፣ መብራቷ አልበራችም እኮ» አልሁት። እሱም ሳቅ ብሎ «መብራት የሚያምነው የቤት ሠራተኛ ነው፤ ሾፌር የሚያምነው ያየውን ነው» ብሎኝ ሄደ።

በተከታዩ ዓመት ከአገራችን ሰዎች አንዲት እናት አዲስ አበባ ላይ ዐርፈው ሬሳቸው ወደ መንዝ እንዲሄድ ተወሰነ። መኪናው የእኔ ነው፤ ሾፌሩም እኔው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን በደብረ ብርሃን አድርገን፣ ጣርማበር ላይ ከዋናው ጎዳና ተገንጥለን ወደ መዘዞ ያዝን። ቀብሩ ለ8 ሰዓት ተብሎ ሕዝቡ ተጠርቷል። መዘዞን አልፈን አንዱን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ስንወጣ፣ እንደው ምንም ሳይል፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማኝና ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ጥፋት ነው። ሞተሪኖውን ደጋግሜ አዞርሁት። አልነሣ ሲለኝ ለቀስተኛውን አስወርጄ አስገፋሁ። ሰው ሬሳ አጅቦ መጥቶ መኪና ገፋ።

ያን ጊዜ ሞባይል የለም። ብርዱን ታውቁታላችሁ። የሟቿ ልጅ ከአጠገቤ ቆሞ ነበር፤ አልተቆጣኝም። «ጋሼ፣ ሰዉ እኮ እየጠበቀ ነው፤ ምን እናድርግ?» ብቻ ነው ያለኝ። ከዚያ ቃል ይልቅ ቢሰድበኝ በወደድሁ ነበር። ከብዙ ሰዓት በኋላ ገብስ የጫነ አንድ አይሱዙ መጣ። ሾፌሩ ጆንያውን ገፋ ገፋ አድርጎ ሬሳውን ከላይ አስተኛልን፤ ለቀስተኛውም ከጆንያው ጋር ተሳፈረ። ቀብር ቦታ የደረሱት ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከሩቅ አገር የመጣው ሰው ገሚሱ ተስፋ ቆርጦ ተመልሶ ነበር። እኚያ እናት በዕድሜያቸው የሰውን ቀብር ቀርተው የማያውቁ ሴት ነበሩ፤ የእሳቸው ቀብር ግን በእኔ ምክንያት በምሽት፣ በጥቂት ሰው ሆነ።

ሚኒባሱ በሦስተኛው ቀን ተጎትቶ ጋራዥ ገባ። ሲፈታ ስምንቱም ቫልቮች ተጣምመዋል። ፒስተኖቹ ተመትተዋል፤ ቴስታታውም ተጎድቷል። ዳሽቦርዱን ስንከፍተው የቲ-ቤልቷ መብራት አምፖል ከቦታው የለችም። የተበጠሰው ቺንጋ ጥርሶቹ ተልጠው ነበር። ለጥገናው ያወጣነው ገንዘብ ቺንጋውን ከነመወጠሪያው አሥር ጊዜ ቢያስቀይር የሚተርፍ ነበር። እሱስ ተከፈለ፤ አለቀ። ያ ልጅ የተናገረኝ ቃል ግን እስከ ዛሬ አልተከፈለም።

እንግዲህ መቼ ይቀየራል?

ከዚያ ወዲህ ስጠይቅና ስማር የገባኝን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፤ ሞተራችሁን እወቁ። ቺንጋ ነው? ካቴና ነው? ማርሽ ነው? በከተማው የሞላችው ቪትዝ ባለ ካቴና ናት፤ «ቺንጋሽን ልቀይርልሽ» የሚል ቢመጣ አትስሙት። የናፍጣ ሚኒባሶቹ፣ ሃይሉክሶቹና የ1ኤችዜድ ላንድክሩዘሮቹ ግን ባለ ቺንጋ ናቸው።

ሁለተኛ፤ የፋብሪካውን መጽሐፍ ተከተሉ። በጥንቶቹ ቺንጋዎች ጊዜ 60,000 ኪሎ ሜትር ይባል ነበር። ጎማው ከተሻሻለ ወዲህ ለብዙዎቹ 100,000፣ ለአንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ተብሏል። መጽሐፉ ከጠፋና እርግጠኛ ካልሆናችሁ 100,000ን አትለፉ።

ሦስተኛ፤ ኪሎ ሜትር ብቻውን አይበቃም። ጎማ ቆሞም ያረጃል። ብዙ የማይሄድ መኪና ቢሆንም አምስት ስድስት ዓመት ካለፈው መቀየሩ ብልኅነት ነው። «መኪናዬ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚውለው» ማለት መልስ አይሆንም።

አራተኛ፤ የእኛ ዳገት ለብቻው ሒሳብ አለው። በሜዳ፣ በከፍተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ቢዞር አንዱን ኪሎ ሜትር በ2,000 ዙር ይጨርሰዋል። ያው መኪና በዳገት፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሞተሩ 2,200 ጊዜ ቢዞር ለአንዱ ኪሎ ሜትር ሦስት ደቂቃ፣ ማለትም 6,600 ዙር ያስፈልገዋል። ቆጣሪው ሁለቱንም አንድ ኪሎ ሜትር ይላቸዋል፤ ቺንጋው ግን ከሦስት ጊዜ በላይ ሠርቷል። በዚያ ላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን ወደ ሲሶ የሚጠጋ ያጣል፤ ሾፌሩም ማርሽ እየቀነሰ ያስጮኸዋል። ስለዚህ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ መንገድ የሚመላለስ መኪና 100,000 እስኪሞላ ሳይጠብቅ በ80,000 ላይ ቢቀይር አይጸጸትም። ይህ የፋብሪካ ቃል ሳይሆን የእኔ ምክር ነው።

አምስተኛ፤ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ካላገኘ እንዳልተቀየረ ይቁጠረው። ቆጣሪ ይታለፋል፣ አምፖል ይነቀላል።

ስድስተኛ፤ ሲቀየር በደንብ ይቀየር። መወጠሪያው፣ የሚያሽከረክሩት ኩሽኔታዎች፣ ቺንጋው የውሃ ፓምፑንም የሚያዞር እንደሆነ ፓምፑ አብረው ይታዩ። ዘይት የሚያፈስ ማኅተም ካለ ይለወጥ፤ ያለዚያ አዲሱም ቺንጋ ዘይት ጠጥቶ ያልቃል። ከተገጠመ በኋላ ሞተሪኖ ከመንካታችሁ በፊት መካኒኩ ክራንክሻፍቱን በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ ምልክቶቹ መግጠማቸውን ያሳያችሁ። አንድ ጥርስ ቢዛነፍ ያኔ ይታወቃል። ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ተጽፎ ሞተሩ አጠገብ ይለጠፍ።

ሰባተኛ፤ መንገድ ላይ ሞተር ድንገት ቢጠፋና ቺንጋው ተበጥሷል ብላችሁ ብትጠረጥሩ ሞተሪኖ አታዙሩ፣ አታስገፉም። በአብዛኛው የናፍጣ ሞተር ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ፤ ያዞራችሁት ቁጥር ጉዳቱ ይጨምራል። በብርድ ጠዋትም ገፍቶ ማስነሣትን ልማድ አታድርጉት፤ የላላ ቺንጋ ጥርስ ሊዘል ይችላል።

የወደፊቱ

ታሪክ ተመልሶ ይመጣል ይባላል። ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች በቤት አውቶሞቢሎች ላይ ወደ ካቴና ተመልሰዋል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ቫልቭም የለው፣ ካምሻፍትም የለው፤ ስለዚህ የሚበጠስ ጊዜ ጠባቂ ቺንጋ የለውም። ምናልባት የልጅ ልጆቻችን ይህን ጽሑፍ ሲያነቡ እኛ ስለ በቅሎ ኮርቻ እንደምንሰማው ይሰሙት ይሆናል። እስከዚያው ግን ወደ አገር ቤት ሬሳ የሚያደርሱልን እነዚያው የናፍጣ ሚኒባሶች ናቸው።

ለዕድራችን የማቀርበው

ስለዚህ ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴውና ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ዕድራችን ለቀብር ጉዞ መኪና ሲኮናተር ስለ ዋጋው ይጠይቃል፣ ስለ ወንበሩ ቁጥር ይጠይቃል። ከእንግዲህ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይጨመርበት፤ «ቺንጋው የተቀየረው መቼ፣ በስንት ኪሎ ሜትር ነው?» የሚል። ባለመኪናው መልስ ካለው ይጻፍ፤ ከሌለው ሌላ መኪና ይፈለግ። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ነው የሚጨምረው፤ ዕድሩን አምስት ሳንቲም አያስወጣውም። ባለመኪና የሆናችሁ አባላትም «ይህ ሰው ሊያስከስረን ነው» አትበሉኝ። እኔ ከስሬ አይቼዋለሁ።

ያ ሽማግሌ መካኒክ ዛሬ በሕይወት የለም። ቀብሩ ላይ ቆሜ ያሰብሁት ምክሩን ነበር። በ1989 ዓ.ም. ሰምቼው ቢሆን ኖሮ አንዲት እናት በሰዓታቸው፣ በወዳጅ ዘመዳቸው ታጅበው ባረፉ ነበር። ለመቅበር የተሰበሰበ ማኅበር ትልቁ ሥራው ሰውን በክብርና በሰዓቱ መሸኘት ነው።

መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፤ ቸር ይግጠመን።